የውብነሽ ጠረጴዛ

በፈረንጆቹ 2003 የሙቀቱ ወራት ከባድ ነበሩ። ዝናብ አልወረደም። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ እሱም ሲገኝ ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ አቧራ ተሸክሞ መጥቶ ጅቡቲ ላይ ያራግፋል። መብራት ይጠፋል። ሰው ከቆርቆሮ ቤቱ ወጥቶ ካርቶን አንጥፎ መንገድ ዳር ይተኛል። ደካማ ሽማግሌ ጠዋት ሲቀሰቅሱት አይነሳም። በዚያው ሰሞን ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ብዙው በባቡርና በጭነት መኪና ወጣ። የቀረው ተደበቀ።

እኔ ከቀሩት ነኝ። ስሜ አዳነ ነው። የመኪና ሸራ እሰፋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ወደብ የሚወርዱ ሹፌሮች ሸራቸው ሲቀደድ እኔ ዘንድ ያመጡታል። ያኔ ወረቀት አልነበረኝም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ አፈሳ መጣ። ፖሊሶቹ መንገዱን ከሁለቱም ጫፍ ዘጉት። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። በጎኔ የጫት ሻጮች ጠረጴዛዎች ተደርድረው ነበር። ከሻጮቹ አንዷ፣ እስከዚያ ቀን ሰላምታ እንኳ ሰጥቻት የማላውቃት ሴት፣ ከጠረጴዛዋ የተንጠለጠለውን እርጥብ ጆንያ ገለጥ አድርጋ በዓይኗ መሬቱን አሳየችኝ። ገባሁ። ጆንያውን መለሰችውና እግሮቿን ከፊቴ አድርጋ ተቀመጠች።

ውብነሽ ትባላለች። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ ወረቀት ነበራት። አፈሳው እስኪበርድ ድረስ ፖሊስ በመጣ ቁጥር እዚያ ጠረጴዛ ስር ገባሁ። ከስር ሲያዩ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ቡት ጫማ ሲቆም ትንፋሼን እይዛለሁ። ነጠላ ጫማ ሲሆን እተነፍሳለሁ። የውብነሽ ልጅ የምስራች ያኔ ገና ሕፃን ናት፤ ጎንበስ ብላ ታየኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። አንዴም አላጋለጠችኝም።

ኋላ አንድ የመኪና ባለቤት ዋስ ሆኖኝ ወረቀት አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ውብነሽ ሄድኩ።

"ምን ላድርግልሽ?" አልኳት።

"ይቆይ፣ ጋሼ አዳነ" አለች።

በየዓመቱ ጠየቅኳት። ጣራዋ ሲያፈስ ሸራ ይዤ ብሄድ ሸራውን ተቀብላ ሻይ አጠጣችኝና "ይሄ ለሻዩ ነው፤ ያኛው ይቆይ" አለች። ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰው ሕይወቱን ተበድሮ ሳይመልስ ሲኖር እንቅልፉ ሙሉ አይሆንም።

ዓመታት ሄዱ። የምስራች ትምህርት ቤት ገባች። አባቷ ሹፌር ነበር፤ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቷ በጠረጴዛዋ አሳደገቻት። ልጅቱ ቁመቷ ከእናቷ በልጦ፣ ብሬቬ የሚባለውን የመንግሥት ፈተና ልትወስድ ስትደርስ፣ ስኳር በሽታ የውብነሽን እግር በላው። መጀመሪያ ጣቶቿን ቆረጡላት። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን። ካርቲየ ስድስት ባለው ቤቷ ፍራሽ ላይ ቀረች።

ጠረጴዛው ደግሞ ባዶ መዋል አይችልም።

ይህን ከተማ ለማያውቅ መናገር አለብኝ። ጫቱ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ፒክአፖቹ ጥሩምባ እየነፉ ወደየሰፈሩ ይበራሉ። ቢሮው፣ ሱቁ፣ ወደቡ ሁሉ ያንን ጥሩምባ ይጠብቃል። አከፋፋዩ ከመኪናው ላይ ሆኖ በየጠረጴዛው የጫቱን እስር ይወረውራል። ጠረጴዛው ላይ ሴት ከሌለች አይጥልም። ጫት ያልወሰደ ጠረጴዛ ቦታውን ሌላ ትወስደዋለች። ያም ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቃሚ የራሱ ሻጭ አለችው፤ ከአንድ እጅ ነው የሚገዛው። ያቺን እጅ ካጣ ሌላ ይለምዳል፤ ከለመደ አይመለስም።

የምስራች ትምህርት ቤት ጠባብ ነው። ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ይማራል፤ በሳምንቱ ይለዋወጣሉ። የጠዋቱ ሳምንት ሲሆን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ሮጣ ጠረጴዛው ላይ ትደርሳለች። የከሰዓቱ ሳምንት ሲሆን ትምህርቷን ትተዋለች። አንዱን ሳምንት ተማሪ፣ አንዱን ሳምንት ጫት ሻጭ።

አየኋት። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ከላይ የእናቷን ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ ጆንያው ላይ ውሃ ትረጫለች። የክፍል ጓደኞቿ በማዶው ጥግ ቦርሳቸውን ይዘው ሲያልፉ ፊቷን ወደ ጫቱ ታዞራለች።

"አባባ አዳነ፣ ቁሙልኝ እስቲ" አለችኝ።

"ለምን?"

"እነሱ እስኪያልፉ። ትልቅ ነዎት፤ ይከልሉኛል።"

ቆምኩ። አለፉ።

ማታውን ወደ ውብነሽ ቤት ሄድኩ። ፍራሿ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

"ልጅቱ ፈተናዋ ሊያመልጣት ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ ትምህርት ጠልቼ መሰለህ? እኔም ከአራተኛ ክፍል ነው ወደዚያ ጠረጴዛ የሄድኩት፤ የእናቴ ዓይን ሲደክም። መምህሬ ቤት ድረስ መጥታ ለመነች። እናቴ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? 'ቁጭ ይበሉ፣ ምሳ ይብሉ፤ የሚበሉት ከዚያ ጠረጴዛ ነው' አለቻት።"

"በላች?"

"በላች። አልተመለሰችም።"

በማግሥቱ ከየምስራች ጋር ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ፈረንሳይኛዬ ለሹፌርና ለጉምሩክ እንጂ ለርዕሰ መምህር አይበቃም። ስለዚህ የምናገረውን እሷ ትተረጉማለች።

"ሁልጊዜ የጠዋቱ ተራ ላይ ያድርጓት በይው" አልኳት።

አለችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ክፉ ሰው አይመስልም።

"ምን አለ?"

"ተራው ለሁሉም እኩል ነው አለ። ለአንዷ ቢፈቅድ የሁሉም ወላጅ ነገ በሩ ላይ ይሰለፋል አለ።"

"እናቷ ታማለች በይው።"

አለችው። አሁንም ተናገረ። እሷ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ፣ "የከሰዓቱን ሳምንት መቅረት ካላቆመች ለብሬቬ አይመዘግባትም አለ። እሱም ያዝናል አለ" አለችኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፤ አመሰግናለሁ ልበለው?"

በሩ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ወጣች። ያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ሁለተኛው ሙከራ ዓዚዛ ነበረች። ዓዚዛ ከውብነሽ ጠረጴዛ አጠገብ የምትሸጥ ወፍራም፣ አፈኛ ሴት ናት። እናቷ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች አማርኛ ከእኛ እኩል ትናገራለች። የከሰዓቱ ሳምንት ሲመጣ የውብነሽንም እስር ተቀብላ እንድትሸጥላት ለመንኳት። እሺ አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። የሸጠችበትን ለውብነሽ በታማኝነት ላከች። ልጅቱ ሳምንቱን ሙሉ ተማረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ ስትመለስ ደንበኞቿ ከዓዚዛ ፊት ቆመው ነበር።

"እኔ አልጠራኋቸውም፤ ወላሂ" አለች ዓዚዛ። "እግራቸው ነው ያመጣቸው። ምን ላድርግ፣ በዱላ ላባርራቸው?"

እውነቷን ነበር። የምስራች እስከ ማታ ተቀምጣ ግማሹ ጫት ጠወለገባት። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል አላነሳችም።

ቀጥሎ ጌቾ መጣ። ጌቾ ሹፌር ነው፤ የቆየ ደንበኛዬ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ጥርሱ የወርቅ ነው፤ ሲስቅ ያስታውቃል።

"ፋዘር" አለኝ፣ ሸራውን መሬት ላይ እየዘረጋ። "ይሄን በደንብ ስፋው። የሠርጌ ዕለት እንግዳ የማስቀምጥበት እሱ ስር ነው።"

"ማንን ልታገባ?"

"የውብነሽን ልጅ። እናትየዋን አነጋግሬያታለሁ። ጠረጴዛውን ይተዉት፤ ቤት ኪራዩም መድኃኒቱም በኔ። ልጅቱን ድሬዳዋ ቤት ይዤላት አስቀምጣታለሁ።"

"ተማሪ ናት።"

"አውቃለሁ። ጎበዝ ናት አሉ። ደብዳቤ ትጽፍልኛለች።" ሳቀ። "ምነው ፊትህን አከበድከው? በፀሐይ ከምትጠበስ በጥላ ብትቀመጥ አይሻልም?"

"ልጅቱን ጠየቅካት?"

"ምኑን ትጠየቃለች፣ ልጅ እኮ ናት!"

ያለውን እሱ ራሱ አልሰማውም። ሸራውን ሰፋሁለት። ሲባጎው እጄን ቆረጠኝ።

ውብነሽን ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እስከ ወሩ መጨረሻ ቃሌን እሰጠዋለሁ ብዬዋለሁ" አለች። "መጥፎ ሰው አይደለም። አይጠጣም።"

"የምስራችስ ምን አለች?"

"ምንም። ሳህን ታጥብ ነበር፤ ማጠቡን ቀጠለች።"

ወጥቼ በእግሬ ወደ ካርቲየ ሰባት ተመለስኩ። እያሰብኩ አልነበረም፤ የማስበው አልቆብኝ ነበር። የቀረው አንድ ነገር ከመጀመሪያው ፊት ለፊቴ የነበረ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ሁሉ ይቅማል፤ ሸራ የሚያመጣ የለም። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ የለኝም። ጫት አልቅምም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስጠላው ኖሬአለሁ። ግን መቀመጥ እችላለሁ። የቸገረው ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ወንድ ይጭናል፣ ይነዳል፣ ያከፋፍላል፣ ይቅማል። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ተቀምጦ ያየሁትም የለም።

የከሰዓቱ ሳምንት በእሑድ ጀመረ፤ እዚህ አገር ሥራም ትምህርትም የሚጀምረው በእሑድ ነው። ከጥሩምባው በፊት ሄጄ የምስራችን "ተነሺ፣ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ" አልኳት።

"ጠረጴዛውስ?"

"እኔ አለሁ።"

አየችኝ። "አባባ፣ ይስቁብዎታል።"

"ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።"

ሻርፑን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሄደች። እኔ ሻርፑ ላይ ተቀመጥኩ።

ዓዚዛ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ጀመረች።

"ምነው አዴር?" አለችኝ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። "መንገዱ ጠፋብህ? የወንዶች መቀመጫ ማዶ ነው።"

"አልጠፋኝም።"

"ድሪዕ ልስጥህ? ሮዝ አለኝ። ያምርብሃል።" ድሪዕ ሴቶቹ የሚለብሱት ስስ ቀሚስ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ።

ፒክአፑ መጣ። ላዩ ላይ የቆመው አከፋፋይ ጀላሉዲን ይባላል፤ ረጅም ወጣት ነው። እስሩን ሊወረውር እጁን አንስቶ እኔን ሲያይ አየር ላይ ያዘው።

"ይሄ ምንድን ነው? ውብነሽ የት አለች? ልጅቷስ?"

"እኔ ነኝ የምቀበለው" አልኩ።

"አዴር፣ ተነስ። ለወንድ አልሰጥም። ነገ ሥራ ፈቱ ሁሉ ጠረጴዛ ይዞ ይሰለፍብኛል። ሴቶቹ ይበሉኛል።"

ሌሎቹ መኪኖች ከኋላው ጥሩምባ ይነፋሉ። አልተነሳሁም። እሱም አልወረወረም። እስሩን ወደ መኪናው ሲመልሰው አየሁ።

ዓዚዛ ናት የተናገረችው።

"ስጠው" አለች። "ይሄ ሽማግሌ ያንን ጠረጴዛ ከስሩ ያውቀዋል። ያኔ በአፈሳው ጊዜ ፖሊሱ 'ስሩ ምን ይንቀሳቀሳል?' ሲለኝ 'ድመት ናት' ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ድመቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ምን አለበት? ስጠው። ሁለት ቀን አይቆይም። ጫቱ ሲደርቅበት ራሱ ይነሳል።"

ያኔ ከፖሊሱ ጋር በሶማልኛ ሲነጋገሩ አልገባኝም ነበር፤ ድመት ማለቷን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ዕዳዬ ለአንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ጀላሉዲን ሳቀ። "ሚያው በል እንግዲህ" አለና ወረወረልኝ።

እንዳለችው ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ የማውቀው ሸራ ነው። ሸራ ዝናብ አያስገባም፣ ፀሐይ አያስገባም፤ ጭነት ይጠብቃል። ስለዚህ ጆንያውን አንስቼ ጫቱን ጥሩ አድርጌ በሸራ ጠቀለልኩት። ኮራሁም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስፈታው ቅጠሉ ከውስጥ አልቦት፣ ጠቁሮ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ሆኗል።

"ድመቱ ወጥ ሠራ!" አለች ዓዚዛ። መንገዱ ሁሉ ተሰብስቦ አየ። ጌቾም ከተሰበሰቡት አንዱ ነበር።

"ፋዘር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ አሁን አልሳቀም። "እኔን ለመከልከል ብለህ ነው ይሄን ሁሉ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"የዚህ ጠረጴዛ ዕዳ አለብኝ። አንተ ያኔ አልነበርክም።"

ወደ ጫቱ ጎንበስ አለ። ከበሰበሰው ውስጥ ደህና የቀረውን መርጦ ገዛና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሸራውን ሌላ ቦታ ያሰፋል።

ማታ የምስራች ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥታ የሆነውን አየች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ጆንያ አምጥታ ውሃ ነከረችና ጨመቀች። "ጫት ይተነፍሳል፣ አባባ" አለች። "ጠረጴዛው ስር ሳሉ እርስዎን ይሸፍን የነበረው ጆንያ ነው። ታፍነው ነበር?"

"አልታፈንኩም።"

"እሱን ነው የሚፈልገው።"

ተማርኩ። ማን ለስላሳ እንደሚወድ፣ ማን ቀዩን ግንድ እንደሚመርጥ፣ ለማን ከጆንያው ስር ደብቄ እንደማቆይ። ደንበኞቹ መጀመሪያ የመጡት ለማየት ነው። "ከድመቱ ልግዛ" ይላሉ፤ እየሳቁ ይገዛሉ። ኋላ ሳቁ አለቀ፤ መምጣቱ ግን ቀጠለ። በጠዋቱ ሳምንት እሷ፣ በከሰዓቱ ሳምንት እኔ። ውብነሽ ለጌቾ ቃል የምትሰጥበት ወር አለቀ። ስለ እሱ ማንም አላነሳም።

ደስ አለኝ ማለት አይደለም። ያ ወንበር ሲቀመጡበት ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ ሽንትህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ፀሐዩ ወደ እግርህ ሲመጣ እግርህን ትሰበስባለህ፤ ጠረጴዛውን ማንቀሳቀስ አትችልም። ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ አንተ ትጠብቃለህ። የሚገዛህ የፈለገውን ይናገርሃል፤ ዝም ትላለህ። ውብነሽ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ ነበረች። እናቷም ከሷ በፊት። በየቀኑ ስነሳ ወገቤን ይዤ ይህን አስባለሁ።

የምስራች ለብሬቬ ተመዘገበች። ተፈተነች።

ውጤቱ የሚለጠፍበት ቀን ውብነሽ ቤት አልቀመጥም አለች። በጋሪ አመጣናትና ከጠረጴዛው አጠገብ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥናት። ሴቶቹ እየመጡ ሳሟት። ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ጥላው ዞረ። ውብነሽ ፀሐይ ላይ ቀረች፤ ካምሲኑም ጀምሮ ነበር። ወዴትም ልናንቀሳቅሳት አልቻልንም፤ ጥሩምባው እየተሰማ ነው።

"ስሩ ጥላ አለ" አለች። በክንዶቿ እየተጎተተች ገባች። ጆንያውን መለስኩባት።

ጀላሉዲን ደረሰ። ወረወረልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ "ስሩ ምን ይንቀሳቀሳል?" አለ።

"ድመት ናት" አለች ዓዚዛ።

ቃሚዎቹ ከፊቴ ተደራረቡ። እጅ፣ ሆድ፣ ሸሚዝ ብቻ ነው የማየው። መንገዱ አይታየኝም።

"ጋሼ አዳነ" አለች ከስር።

"አቤት።"

"እንዲህ ነበር እንዴ? እግር ብቻ ነው የሚታየኝ።"

"እግር ብቻ ነው።"

"የሷን ጫማ ግን አውቀዋለሁ።" ጆንያውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ "መጣች" አለች።

"እየተራመደች ነው?"

"ቆይ።"

ለአንዱ እስር ሰጠሁ። ለሌላው ሰጠሁ። ገንዘቡን ሳልቆጥር ተቀበልኩ።

"እየሮጠች ነው" አለች ውብነሽ። "ሰው እየገፋች ነው የምትሮጠው። ጫማዋ ወልቆ ትታው መጣች።"

ልጅቱ ስትደርስ ለእኔ ምንም አልተናገረችም። ጆንያውን ገልጣ በሆዷ ተኝታ እናቷ ጋ ገባች። ከላይ የሁለቱን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። አልጠየቅኩምም። ማለፏን ሴቶቹ በእልልታ ተናገሩ።

ትንሽ ቆይቶ የውብነሽ እጅ ከጆንያው ስር ወጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

"ያ ይቆይ ያልኩህ" አለች፣ "ተከፍሏል። ከዛሬ ጀምሮ ምንም የለብህም። ነገ ባትመጣም አልቀየምህም።"

"ሊሴውስ፣ ሁለተኛ ደረጃው?" አልኳት። "ሦስት ዓመት አለው። እዚያም የከሰዓት ተራ አለ።"

እጇን ከቁርጭምጭሚቴ አላነሳችም።

ውሃ አርከፈከፍኩና ጆንያውን መለስኩት። "ቀጥሎ ማን ነው?" አልኩ።